ቤሪል የፈለገችው ሙቀት

በቶድሞርደን ከተማ ክሊፎርድ ግሪንዉድ ያልገባበት ቤት የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ የጋዝ ሠራተኛ ነበር። የድንጋይ ከሰሉ ጋዝ ቀርቶ ከባሕር ሥር የሚወጣው ጋዝ ሲመጣ፣ በየቤቱ እየገባ ምድጃውን ሁሉ ለአዲሱ ጋዝ ያስተካከለው እሱ ነው፤ ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ በገና ዋዜማ ቤቱን በጋዝ የሚያሞቀው ቦይለር ጸጥ ያለበት ሁሉ "ክሊፍን ጥሩልኝ" ይላል። ክሊፍ የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ይመጣል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ጆሮውን ያስጠጋል፣ ጥቂት ያጉረመርማል፣ ከዚያ እሳቱ ቦግ ይላል። ሥራው ሲያልቅ የማይተዋት ልማድ ነበረችው። የእጁን ጀርባ ራዲያተሩ ላይ፣ ማለትም ግድግዳ ሥር ባለው የብረት ማሞቂያ ላይ፣ አሳርፎ ይቆጥራል። ሦስት ሳይደርስ ካቃጠለው ሥራው ጥሩ ነው። ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግትር ነበር እንጂ። በጋዝና በሙቀት ጉዳይ አንዴ ከተናገረ ወይ ፍንክች! ባለቤቱም ሆነች ልጁ ይህን ስለሚያውቁ በሌላ በሌላው ይከራከሩታል፤ በዚህ ግን ከቀልድ አያልፉም።

ታዲያ በራሱ ቤት ቦይለሩ የሚነደው ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ማታ ደግሞ ለአራት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በመካከል ያለው ብርድ የሹራብ ድርሻ ነው። አባቱም በከሰል ምድጃው ዘመን እንዲሁ ኖረዋል፤ የሰፈሩም ሰው እንዲሁ ይኖራል። ባዶ ክፍል ማሞቅ ለክሊፍ እህል መሬት ላይ ከመድፋት አይተናነስም።

ሚስቱ ቤሪል በዐሥራ አምስት ዓመቷ ጥጥ ፋብሪካ ገብታ፣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ሽመና ላይ የሠራች ሴት ናት። የጥጡ ብናኝ ሳምባዋ ውስጥ ቀርቷል። ደረጃ ስትወጣ ሁለቴ ታርፋለች፤ ምላሷ ግን አርፎ አያውቅም።

"አንተ ሰውዬ፣ ከተማውን ሁሉ ስታሞቅ ኖረህ እኔን ረሳኸኝ" ትለዋለች ከቀትር በኋላ ብርድ ልብስ ተከናንባ።

"ሹራብ የተሠራው ለምን ሆነና!"

"ሱፉ የተሠራውማ ለበጉ ነበር። ገፍፈህ አመጣህልኝ።"

በመስከረም መጨረሻ ቦይለሩ ሞተ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ያስገባው ክሊፍ ራሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ያለው ብረት ተሰንጥቋል፤ መለዋወጫው መመረት ካቆመ ቆይቷል። ክሊፍ ሁለት ቀን ወጥ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኮ ታገለው። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ገጥሞ እጁን ታጠበ።

በዚያው ሰሞን ቤሪልን የምትከታተለው ነርስ መጥታ ደረቷን አዳመጠች። ሳትሸፋፍን ተናገረች። ይህ ሳምባ አንድ ብርድ የበዛበት ክረምት አይችልም። ቤቱ ሌትም ቀንም ሃያ አንድ ዲግሪ ካልሆነ፣ ቤሪል እስከ ጸደይ ድረስ የአረጋውያን መጦሪያ መግባት ይኖርባታል። ቤሪል እንደዚያን ቀን ደንግጣ አታውቅም። እናቷም እዚያው መጦሪያ "ለአንድ ክረምት ብቻ" ተብላ ገብታ አልወጣችም።

ልጃቸው ጊልያን ከምትኖርበት ከሊድስ ከተማ እየተመላለሰች ዋጋ ስታጠያይቅ ሰነበተች። አዲስ የጋዝ ቦይለር ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ፓውንድ ያወጣል። ሌላም ነገር ግን አለ። ሂት ፓምፕ ይባላል፤ ጓሮ ተቀምጦ፣ በኤሌክትሪክ እየሠራ፣ ከውጪው አየር ላይ ሙቀት እየቀዳ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን ነው። ዋጋው ዐሥራ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ። መንግሥት ሰባት ሺህ አምስት መቶውን ይችላል። ቀሪው ስድስት ሺህ አንድ መቶ ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል።

"ስድስት ሺህ!" አለ ክሊፍ። "ለምኑ ነው?"

"ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ይቀየራሉ፣ አባባ። ራዲያተሮቹ በትልልቅ ይተካሉ። የሙቅ ውሃው ታንከር ደግሞ ትንሿ ክፍል ይገባል።"

"ከብርድ ላይ ሙቀት ይቀዳል ነው የምትይኝ? ከዝናብ ላይ ደረቅ እንጨት ልቀሚ በይኛ!"

ጊልያን ወደ እናቷ ዞረች። ቤሪል ትንፋሿን ሰበሰበች።

"ጋዝህ ሲነድ እጠበሳለሁ፣ ስታጠፋው እደርቃለሁ። ዕድሜ ልኬን ከቀትር በኋላ ሞቆኝ አያውቅም። ይሄ ማሽን ቀኑን ሙሉ እኩል ያሞቃል ብለዋል። እሱን ነው የምፈልገው፣ ክሊፍ።"

"ገንዘቡስ?"

"የቀብሩ ገንዘብ አለ አይደል?"

እድር በሌለበት አገር ሰው ለመቀበሪያው ራሱ ያጠራቅማል። ሁለቱ ባልና ሚስት ከዐሥራ ስምንት ዓመት በፊት ጀምረው በየወሩ እየቆነጠሩ ስድስት ሺህ አራት መቶ ፓውንድ አስቀምጠዋል። ክሊፍ ያንን ገንዘብ ለገናም፣ ለጣሪያም፣ ለምንም ነክቶት አያውቅም።

"እሱ የሚነካ ገንዘብ አይደለም" አለ።

"በሕይወቴ ልሙቅበት። ከሞትኩ በኋላ እንደሆነ አይበርደኝም።"

ክሊፍ ብዙ የሚላት ነበረው። ግን በሳል እየተንፈራፈረች ስትስቅ ሲያያት አንጀቱን በላችው። በማግስቱ ባንክ ሄዶ አወጣው።

ማሽኑን ልትገጥም የመጣችው ከብራድፎርድ ሳይማ የምትባል፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ከወንድሟ ጋር አንድ መኪናና አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ አላቸው፤ ሌላ ሠራተኛ የላቸውም። ክሊፍ አራቱን ቀን ሙሉ ከአጠገቧ አልጠፋም።

"አንቺ ልጅ፣ ያንን ቁልፍ ማጥበቅ ትችያለሽ?"

"እርስዎ ከመብራቱ ላይ ዞር ካሉልኝ እችላለሁ፣ ሚስተር ግሪንዉድ።"

"የጋዝ ሥራ ብትማሪ ኖሮ ሰው ይወጣሽ ነበር።"

"ጋዙን እኮ ተምሬዋለሁ። ለዚህ ነው የተውኩት።"

ቤሪል ከሶፋው ላይ እየሳቀች "እሰይ!" አለች። ክሊፍም ቢሆን በልቡ ወዷታል። የቧንቧ መገጣጠሚያዎቿን ተደብቆ በጣቱ ዳስሶ እንከን አላገኘባቸውም። ይህን ለማንም አልነገረም።

በአራተኛው ቀን ሳይማ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ካለችው ትንሽ መቆጣጠሪያ ፊት አቆመችው።

"አሁን የምለውን ይስሙኝ። ይሄ እንደ ጋዝ አይደለም። ብረቱ ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም፤ ተፈጥሮው ነው። በዝግታ እንደሚበስል ወጥ ያስቡት። ቀንም ሌሊትም እንደበራ ይተዉት። ማታ አያጥፉት። ቁጥሩን አይነካኩት። የሆነ ነገር ካልገባዎት ለእኔ ይደውሉ፤ እሑድም ቢሆን እመጣለሁ።"

"ገብቶኛል" አለ ክሊፍ።

የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት ቤሪል በሕይወቷ ከኖረቻቸው ቀናት ሁሉ የተለዩ ሆኑላት። ወጥ ቤቱም፣ ኮሪደሩም፣ ፎቅ ያለው መኝታ ቤትም ሃያ አንድ። ኅዳር ነው፤ ውጪው ዝናብና ጭጋግ ነው፤ ቤሪል ግን ከቀትር በኋላ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሳ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ መንገደኛውን ታማለች። ሳሏ ቀነሰ። አንድ ቀን ደረጃውን አንዴ ብቻ አርፋ ወጣችና ከላይ ሆና "ክሊፍ! አየኸኝ?" ብላ ተጣራች። ደስታዋ የልጅ ነበር።

ክሊፍ ግን እንቅልፍ አጣ። ማሽኑ ጓሮ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል። ሌሊትም፣ ሁሉም ሰው ተኝቶ፣ ያንጎራጉራል። የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ይሮጣል። የእጁን ጀርባ ራዲያተሩ ላይ አሳርፎ ሦስት ቆጠረ፣ ዐሥር ቆጠረ፣ መቶ ቆጠረ። ምንም።

"ይሄ እኮ የሞተ ሰው እጅ ነው" አለ ለራሱ።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። አዋቂ ነኝ ባዩ ግን ይብሳል፤ ያላዋቂውን ቢያንስ ሰው ይጠረጥረዋል። ክሊፍ በዐሥረኛው ቀን ማለዳ መነጽሩን አድርጎ መቆጣጠሪያዋ ፊት ቆመ። ልጅቷ ሠላሳ ስምንት ላይ ያደረገችውን የራዲያተሮቹን ውሃ ሙቀት ስልሳ አደረሰው። ከዚያ እንደ ድሮው ሰዓት ሞላለት፤ ጠዋት ይነሣል፣ ረፋዱ ላይ ይጠፋል፣ ማታ ይነሣል፣ ከመኝታ በፊት ይጠፋል። ስሌቱ ቀላል ነበር። ብረቱ ቶሎ ከጋለ ቤቱ ቶሎ ይሞቃል፤ ከሞቀ ደግሞ ማጥፋት ነው። የቤሪልን ገንዘብ ሊያድንላት ነው። ማታ ራዲያተሩን ሲነካው ሁለት ሳይቆጥር አቃጠለው፤ ደስ ብሎት ተኛ።

ማሽኑ ግን ለዚህ አልተፈጠረም። ውሃውን ስልሳ ለማድረስ እየታገለ ኤሌክትሪኩን ጠጣው። ሲጠፋ የድንጋዩ ቤት ይቀዘቅዛል፤ ሲነሣ የቀዘቀዘውን ድንጋይ ከሥሩ ይጀምራል። በገና ማግስት የአንድ ወር ሂሳብ መጣ፤ አራት መቶ ሠላሳ ፓውንድ። ክሊፍ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ለማንም አላሳየም። ይልቅ የሚሠራበትን ጊዜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት፣ ማታ ለሁለት ሰዓት ብቻ አደረገው። የቤቱ ሙቀት ዐሥራ አምስት ገባ፣ ከዚያ ዐሥራ አራት።

ቤሪል ሹራቧን መልሳ ለበሰች። ካፖርቷን ደረበች። በጥር መጀመሪያ የሱፍ ቆብ አድርጋ መተኛት ጀመረች።

"ክሊፍ፣ ይሄ ማሽን ምን ነካው? መጀመሪያ እኮ ደህና ነበር።"

"ማሽን ነው፣ አሮጊቴ። የቻይና ዕቃ ምን ይታመናል።"

"ልጅቷን ጥራት።"

"አያለሁ።"

"አያለሁ አትበለኝ። እሑድም እመጣለሁ ብላ የለ? ጥራት።"

ሊጠራት ስልኩን አንሥቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ አንሥቶታል። ግን ምን ሊላት? አትንካ ያልሽኝን ነካሁት? አርባ አንድ ዓመት ከተማውን ያሞቀ ሰው፣ የልጅ ልጁ የምትሆን ልጅ በገዛ ቤቱ ኮሪደር አቁማ ልትገሥጸው? መልሶ ሠላሳ ስምንት ላይ ማድረግም ይችል ነበር። ያንን ማድረግ ግን እሱ ተሳስቶ ለብ ያለው ብረት ልክ ነው ብሎ መፈረም ሆነበት። ስልኩን አስቀመጠ።

ማታ ቤሪል "ደወልክላት?" ስትለው፣

"ደወልኩ" አለ። "ብርዱ ስለበረታ ነው፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም አለች።"

በየካቲት በረዶ ጣለ። በሁለተኛው ቀን ቤሪል ትኩሳት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ። አምቡላንስ ሲወስዳት ካፖርቷንም ቆቧንም እንዳደረገች ነበር። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛች። ክሊፍ በየቀኑ በአውቶቡስ እየሄደ እጇን ይዞ ተቀመጠ። ሆስፒታሉ ሞቃት ነበር። በዐሥረኛው ቀን ማለዳ ሞተች።

ቀብሩን የከፈለችው ጊልያን ናት፤ አራት ሺህ ፓውንድ በብድር። ክሊፍ ሐዘኑ ላይ ኀፍረት ተደርቦበት አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ። ያቺን ሴት በሃምሳ ሁለት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ "እወድሻለሁ" ብሏት አያውቅም ይሆናል፤ ግን ያለ እሷ ሻይ ማፍላት እንኳ አቃተው። ሁለት ኩባያ ያወጣና አንዱን መልሶ ይሰቅላል።

ጊልያን ሐዘኗ ወደ ቁጣ ዞረ። እናቴን የገደላት ያ ማሽን ነው አለች። ለሳይማ ደብዳቤ ጻፈች፤ ገንዘቡ ሁሉ ካልተመለሰ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት አመለክታለሁ፣ ፍርድ ቤትም እሄዳለሁ አለች። እንዲህ ያለ ክስ የሁለት ወንድምና እኅት ወርክሾፕን የሚያዘጋ ነው። ክሊፍ ደብዳቤው ሲነበብለት ሰምቷል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዝም አለ።

ሳይማ በመጋቢት አንድ ቅዳሜ መጣች። እንደ አገሩ ወግ "በጣም አዝናለሁ" ብላ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። ጊልያን ወረቀቶቿን ጭኗ ላይ ደርድራ ሳሎን ተቀመጠች። ሳይማ ኮሪደሩ ውስጥ መቆጣጠሪያዋን ከፍታ በሽቦ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘችው። ክሊፍ ከኋላዋ ቆሟል። ማሽኑ የተደረገበትን ሁሉ ቀንና ሰዓት ጠቅሶ እንደሚያስቀምጥ አያውቅም ነበር። የእሱ ቦይለሮች ምንም አያስታውሱም።

ሳይማ አንብባ ስትጨርስ ቶሎ አልዞረችም።

"በዐሥረኛው ቀን" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስልሳ ላይ ተደርጓል። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ጠፍቷል።"

ክሊፍ መነጽሩን አወለቀ።

"ሚስተር ግሪንዉድ... ለምን አልደወሉልኝም?"

"ባይነካ ኖሮስ?" አለ ክሊፍ። "ያ በረዶ የጣለ ጊዜ፣ ቤቱ ስንት ይሆን ነበር?"

"ይተዉት እሱን።"

"አትሸንግዪኝ። ስንት ይሆን ነበር?"

ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ሃያ አንድ" አለች። "ሌትም ቀንም።"

ክሊፍ ግድግዳውን ተደገፈ።

"ምን ተገኘ?" አለች ጊልያን ከሳሎን። መልስ ሲዘገይባት ተነሥታ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። "ጠየቅኩ እኮ። ማሽኑ ምንድን ነው የሆነው?"

ሳይማ ሽማግሌውን አየችው፤ ግድግዳውን ይዞ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎ የቆመውን ሰውዬ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ከደነችው።

"አሠራሩ ላይ ችግር ነበር" አለች። "ከሳምንት በኋላ ተመልሼ ማየት ነበረብኝ። በደንብም አላስረዳሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ይህን በጽሑፍ ታሰፍሪልኛለሽ?"

"አሰፍራለሁ።"

ጊልያን ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበለቻት። ሳይማ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ክሊፍ እጇን ያያል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ፤ ቀኑን ጻፈች፤ ስሟን ጻፈች።

"ተይ፣ ልጄ" አለ ክሊፍ።

ሁለቱም ቀና አሉ።

"ትዋሽልኛለች፣ ጊልያን። እኔ ነኝ። አትንካ አለችኝ፣ ነካሁት። ቀን አጠፋዋለሁ፣ ሌሊትም አጠፋዋለሁ። እናትሽ በረደኝ ስትለኝ የማሽኑ ጠባይ ነው አልኳት። ልጅቷን ጥራት አለችኝ። ጠርቻታለሁ፣ ምንም የለውም ብላለች አልኳት። አልጠራኋትም። ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት።"

ጊልያን አባቷን እንደማታውቀው ሰው ለረጅም ጊዜ አየችው። የምትጮህ መስሎት ራሱን አዘጋጅቶ ነበር፤ አልጮኸችም። ስትናገር ድምጿ የትንሽ ልጅ ሆነ።

"እማማ ታውቅ ነበር?"

ክሊፍ ደወልኩ ባላት ማታ ቤሪል እንዴት እንዳየችው አሁን ነው ልብ ያለው፤ ቆቧን ወደ ጆሮዋ ጎትታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዴት እንዳዞረች።

"ታውቅ ነበር መሰለኝ" አለ። "ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።"